ያልታመሙት አማት

ኮቤ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ አበባይሽ፣
ዴን ሃግ፣ ሆላንድ

እንደ እናትም እንደ እኅትም ሆነው ላሳደጉኝ ለአክስቴ ልጅ፤ ናፍቆቴና ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ከደጅዎ ይድረስልኝ። እርስዎና ልጅዎ የትነበርሽ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁን፣ ደኅና ነኝ። ባለፈው ሐምሌ ጨጓራዬ ቆስሎ ኦፕራሲዮን መሆኔን ጽፌልዎት ነበር። ቁስሉን ከነሥሩ አወጣነው ብለውኛል። አሁን በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድሁ የቫይታሚን መርፌ እወጋለሁ። ትንሽ ከመክሳቴና ምግብ ከመጥላቴ በቀር ምንም አይለኝ። ለመርከቦች ስንቅ ወደምናቀርብበት ሱቅም ተመልሻለሁ፤ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው፣ ደመወዙም ግማሽ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ራሴ አይደለም። የባለቤቴ የኪዮኮ እናት ታመዋል። የሚኖሩት ከባሕሩ ማዶ፣ መንደሪን በሚለማበት ደሴት ነው። በሽታው ካንሰር ነው ብላኛለች። የሕክምናው ወጪ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ይህን የምጽፈው አፍሬ ነው፤ እርስዎ እንዴት ያለ ሥራ እንደሚሠሩ አውቃለሁና። ቢሆንልዎ ስድስት መቶ ጊልደር ያበድሩኝ። ኪዮኮ «እኅትህን ጠይቅልኝ» ብላ ሦስት ጊዜ ለመነችኝ። በዐሥር ዓመት ትዳራችን ከጎረቤት ጨው እንኳ ተበድራ አታውቅም። ስለዚህ እንቢ ማለት አቃተኝ።

የእግዚአብሔር ጥላ ከላያችሁ አይለይ።

ታናሽዎ
ማንደፍሮ


ዴን ሃግ፣ ኅዳር 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለማንደፍሮ፤

ከዚያ ቢላ ሥር በሕይወት ያወጣህ አምላክ ዕድሜህን እንደ ማቱሳላ ያርዝምልኝ። እኛ ደኅና ነን። የትነበርሽ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። አሁን በአማርኛ የምታናግረኝ ሲርባት ብቻ ነው፤ ቁጣዋ ሁሉ በሆላንድኛ ሆኗል።

ወደ ነገሩ ልግባ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፣ ሦስት ጊዜም አልዋጥልኝ አለ። እኔ አበባይሽ፣ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ራይስዋይክ ድረስ በትራም እየሄድሁ የሰው ቢሮ የምጠርግ ሴት፣ ለጃፓን ሰው ገንዘብ ልላክ? ሬዲዮኑን የሚሠሩት እነሱ፣ ሰዓቱን የሚሠሩት እነሱ፣ የትነበርሽ ጆሮዋ ላይ ሰክታ እኔን እንዳትሰማ የሚያደርጋትን ዕቃ የሠሩት እነሱ! ይህ ሁሉ ያለው አገር አንዲት አሮጊት ማሳከም አቅቶት እኔ ሰፈር፣ ትራንስቫል ድረስ እጁን ይዘረጋል? እዚህ ዚከንፎንድስ የሚሉት የሕክምና መድን አለ። በየወሩ ከደመወዜ ይቆርጣል፤ ስታመም ካርዴን አሳያለሁ፣ አለቀ። አምና ሐሞቴን ሲያወጡልኝ ዐሥራ ሁለት ቀን ተኝቼ አንድ ሳንቲም የጠየቀኝ የለም። እንዲያውም ስወጣ አበባ ሰጡኝ።

አዘዘንም ጠየቅሁት። ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ያለው የአጎታችን ልጅ አዘዘ፣ በመርከብ ሲሠራ ኮቤ ሁለት ጊዜ ወርዷል። «እትዬ፣ ጃፓን ውስጥ ሲለምን ያየሁት ሰው የለም። ይህቺ ሴትዮ አንድ ነገር አስባለች» አለኝ። አዘዘ እንደሚዋሽ አውቃለሁ፤ ሲዋሽ ግን ይስቃል፣ ይህን ሲናገር አልሳቀም።

ሆስፒታሉ የት ነው? ስሙን ጻፍልኝ። አንተስ ሄደህ በዓይንህ አይተሃቸዋል? የሐኪም ወረቀት አሳይታሃለች? ራሷስ ለምን አልጻፈችልኝም፣ እንግሊዝኛ ታውቅ የለም ወይ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ እያወጀ ገንዘብ የሚሰበስበውን ምን እንደሚሉት አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ብትሆንም ጀርባዬ ላይ ነው ያደግኸው፤ ስለዚህ በግልጽ እነግርሃለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ወንድሜ።

ገንዘቡን አልላክሁም። እንቢ ማለቴ አይደለም። እስክትመልስልኝ አልልክም ነው ያልሁት።

ለኪዮኮ ሰላም በልልኝ።

አበባይሽ


ኮቤ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እትዬ አበባይሽ፤

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን። መልሴ የዘገየው ሰሞኑን ድካም ስለበዛብኝ ነው፤ ጠጉሬም ሳሳ፣ ሐሳብ ይሆናል። ደብዳቤዎን ሳነብ ልጅ ሆኜ ስኳር ሰርቄ እንደሆነ ኪሴን የሚፈትሹት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሣቅሁ።

የጃፓንም መድን አለ፣ እትዬ። ከዐሥሩ ሰባቱን መድኑ ይከፍላል፤ ሦስቱ በበሽተኛው ላይ ነው። ሦስቱ ከመጠን ሲያልፍ ትርፉን ይመልሳሉ፤ የሚመልሱት ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ሆስፒታሉ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ ይጠይቃል። ከዚያ መድኑ የማያውቃቸው ወጪዎች አሉ። ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ቦታ ከጠፋና ለብቻ ከተኙ ልዩነቱ በየቀኑ ይታሰባል። ነርሶች ስለማይበቁ ቤተሰቡ አስታማሚ ሴት ይቀጥራል። ለሐኪሙ በነጭ ኤንቨሎፕ ምስጋና ይሰጣል። የሚያስገድድ የለም፣ የሚቀርም የለም።

እኔ በተኛሁ ጊዜ ከአልጋዬ ጎን አንድ ዓሣ ነጋዴ ነበር። ሳንባህን ብርድ መትቶታል ብለውታል። ሚስቱ በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ሸጣ ነው። መጀመሪያ የጭነት መኪናይቱን ሸጠች፣ ቀጥሎ በረዶ የሚሠራውን ማሽን፣ በኋላ ሱቁን። እርሱ ምንም አያውቅም። «ስወጣ ሱቁን ሰማያዊ ቀለም ነው የምቀባው» ይለኝ ነበር። ኮሪደር ላይ ስታለቅስ ለኪዮኮ ስትነግራት ሰማሁ፤ የያዘው ካንሰር ነበር። እዚህ አገር እንዲህ ያለውን ለቤተሰብ እንጂ ለራሱ ለበሽተኛው አይነግሩትም። ጥንቅቅ ብለው ይዋሻሉ። ወጪው ባለጠጋ አገር እንኳ ሰውን እንዴት እንደሚያራቁት ይረዱልኝ ብዬ ነው ይህን የጻፍሁት።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ግን ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም። ባለፈው እሑድ ኪዮኮ ወጣ ስትል ለአማቴ ስልክ ደወልሁ። ራሳቸው አነሡት። «እንዴት ነዎት?» ብላቸው «ደኅና ነኝ፣ ደኅና፤ መንደሪን እየለቀምን ነው፣ ከመሰላል ወርጄ ነው ያነሣሁት» አሉኝ። ስለ ሕመማቸው ስጠይቃቸው ድምፃቸውን አደከሙና «አዎን፣ አዎን፣ ታምሜአለሁ» ብለው ዘጉት።

የሰባ አንድ ዓመት የካንሰር በሽተኛ መሰላል ላይ ምን ትሠራለች፣ እትዬ? ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለኪዮኮ መደወሌን አልነገርኋትም።

ታናሽዎ
ማንደፍሮ


ዴን ሃግ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለማንደፍሮ፤

እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሰህ፤ ያንተን ቤት ምሥጢርም ይግለጥልህ።

አላልሁህም? ምነው ተሳስቼ በነበር! ግን አልተሳሳትሁም። ገና የመጀመሪያውን ደብዳቤህን ስከፍተው ሽታው መጥቶብኝ ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር ያሉት አባቶቻችን ኮቤን ሳያዩ ነው።

አሁን ይምከሩኝ ካልህ ስማኝ። አታኩርፍ፣ አትጩህ፣ አትጠይቃት። የባንክ ደብተሯን የምታስቀምጥበትን ታውቃለህ፤ አንድ ቀን ገልጠህ እየው። ከቤት ምን ምን እንደጠፋ ልብ በል። የት እንደምትውል ተከታተል። ትዳር እንዲህ አይፈተሽም እንዳትለኝ፤ ያልተፈተሸ ትዳር የኔ ነበር፣ መጨረሻውንም አይተኸዋል። የትነበርሽ አባት ቤልጅግ ላይ ሁለተኛ ቤት ሠርቶ ሦስት ዓመት ሲኖር እኔ እዚህ ሸሚዙን እተኩስ ነበር።

የዕቁብ ሰብሳቢያችንን ተሻለችን ስም ሳልጠራ አማከርኋት። «ባል አንድ ጊዜ ሆስፒታል ከገባ ልበ ቀጭን ሚስት መሸሻዋን ታዘጋጃለች» አለችኝ። እኔም የገባኝ ይኸው ነው። ከስተህ የምታይህ ሴት ነገ ምን ሊውጣት እንደሆነ ታሰላለች፤ በእናቷም በሽታ ስም ስንቅ ትይዛለች። ዕቁቤ ለየካቲት ይደርሰኛል፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ ጊልደር። ለየትነበርሽ ትምህርት ብዬ ነው የጣልሁት፤ ላንተ ቢሆን አልሰስትም ነበር። መሰላል ለምትወጣ በሽተኛ ግን ሳንቲም አላወጣም።

ያገኘኸውን ሁሉ ጻፍልኝ። አንዲት ነገር እንዳታስቀር።

አበባይሽ


ኮቤ፣ ጥር 26 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእትዬ አበባይሽ፤

ሰላምታ ማብዛት አልቻልሁምና ይቅር ይበሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ባላደርገው በወደድሁ።

የባንክ ደብተሩ ባዶ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ ተጠርጎ ወጥቷል። ልጆች የምታስተምርበት ፒያኖዋ ባለፈው ወር ከቤት ሲወጣ «ድምፁን ሊያስተካክሉት ወሰዱት» ብላኝ ነበር። ሱቁን አገኘሁት፤ ሸጣዋለች። ተማሪዎቿንም አሰናብታ ጠዋት ጠዋት ዓሣ በሚታሸግበት ፋብሪካ እንደምትሠራ ከጎረቤት ሰማሁ። እኔ የማውቀው መዘምራን ታለማምዳለች ብዬ ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ «እናቴን ልጠይቅ» ብላ ስትወጣ ተከተልኋት። ወደ እናቷ አገር ወደሚሄደው መርከብ አልሄደችም። የሄደችው እኔ ወደታከምሁበት ሆስፒታል፣ ወደ እኔው ሐኪም ነው። በመስኮቱ መስተዋት አየኋቸው። ነጭ ኤንቨሎፕ በሁለት እጇ ሰጠችው። እርሱም እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ፤ እርሷም ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ሰውዬው ሚስቱ የሞተችበት እንደሆነ ነርሶቹ ድሮ ነግረውኛል። እናቷ ማዶ ደሴት ላይ ናቸው የተባለው፤ የኮቤ ሐኪም ምን አገባው?

ከዚያ ወዲህ መርፌውን ትቻለሁ። ሁለት ሐሙስ አልፎኛል። ከዚያ ሰውዬ እጅ ቫይታሚንም ቢሆን አልቀበልም። ኪዮኮ ተንበርክካ ለመነችኝ። «ለምን?» ብላት «ለጤናህ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። «እናትሽ መሰላል ላይ እንዴት ናቸው?» አልኋት። ፊቷ እንደ ጨርቅ ነጣ። እትዬ፣ ዐሥር ዓመት አብሬያት በልቼ ጠጥቼ ያን ፊት አላውቀውም ነበር።

በመጋቢት ወር መጨረሻ ወደ ሮተርዳም የሚነሣ መርከብ አለ፤ ካፒቴኑ ደንበኛችን ነው፣ ያሳፍረኛል። ሻርሎይስ ያለው አዘዘ ቤቱ አንድ አልጋ ቢዘረጋልኝ ውለታው አይጠፋኝም። ቁርጤን ነግሬአታለሁ። የእርስዎን አድራሻ ከኤንቨሎፑ ላይ ስትገለብጥ አይቻታለሁና ምናልባት ትጽፍልዎት ይሆናል። አይመኗት።

ማንደፍሮ


ዴን ሃግ፣ የካቲት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ማንደፍሮዬ፣ አንተ ልጄ፤

ይህን ደብዳቤ እንደማልልከው እያወቅሁ ነው የምጽፈው። ካልጻፍሁት ግን ደረቴ ይፈነዳል።

ኪዮኮ ጻፈችልኝ። ደብዳቤው የመጣው ከትናንት ወዲያ ነው፣ በእንግሊዝኛ። የትነበርሽ ወጥ ቤት ቆማ ታነብልኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ «እሰይ፣ ዋሸች፤ እንይሽ» እያልሁ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ልጄ ማንበቧን ትታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

የታመምኸው አንተ ነህ። ቁስል አልነበረም፣ ካንሰር ነው። ከፍተው አብዛኛውን አወጡ፣ የቀረ አለ። መርፌው ቫይታሚን አይደለም፣ ያን የቀረውን የሚያስታግሥ መድኃኒት ነው። እየተወጋህ ከቆየህ ዓመትም ሁለት ዓመትም፣ ምናልባት ከዚያም በላይ ይሰጥሃል፤ ከተውኸው ግን የወራት ነገር ነው ብሏታል ሐኪሙ። ለእርሷ እንጂ ላንተ አልነገሩህም። አንተ ራስህ የዓሣ ነጋዴውን ታሪክ ጽፈህልኝ እኔ ደነዟ መች አስተዋልሁ! ወጪው የምን ነው እንዳትላት ነው እናቷን ያሳመመችው። ባልቴቲቱን በስልክ እንዲዋሹ አስጠንታቸው ነበር። እሳቸው ግን የገበሬ ሰው ናቸው፣ ድንገት ስትደውል ጠፋባቸው። ፒያኖው ላንተ ነው የተሸጠው። የዓሣ ፋብሪካውም ላንተ ነው። ኤንቨሎፑም ላንተ ነው። «እኅቱ ነዎት፤ እኔን እንደፈለጉ ይስደቡኝ፣ ብቻ ሐሙስ እንዲሄድ ያድርጉልኝ» ትላለች።

እኔ ነኝ ከመርፌው ያስቀረሁህ። በምላሴ። እዚህ ተቀምጬ፣ ዐሥር ዓመት ያጎረሰችህን ሴት አሰለልሁህ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ግን ራሴን ይቅር አልልም።

የትነበርሽ «ንገሪው» ትለኛለች። «ማማ፣ ዳት ማኽ ኒት! አይፈቀድም። የራሱ ሰውነት ነው፣ አንቺም እሷም መብት የላችሁም» እያለች አለቀሰችብኝ። እዚህ አገር ልክ ናት። ፎቃችን ሥር ያሉትን ሆላንዳዊት ሐኪሙ ቤታቸው መጥቶ፣ ቡና እየጠጡ፣ ለፋሲካ አይደርሱም አላቸው። እሳቸውም አመስግነው ሸኙት፤ ማግሥቱን ለቀብራቸው ዘፈን ሲመርጡ ሰማኋቸው። እኔ ይህን የምችል ሰው አይደለሁም። እኛ ቤት እንዲህ አልነበረም። እናትህ የታመመች ጊዜ ምች ነው እያልን እስከ መጨረሻዋ ቀን ስቀንላታል። አንተም ስምንት ዓመትህ ነበር፣ ጠበል ሄዳለች ብዬ ሁለት ወር ሙሉ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ትክክል ይሁን ስሕተት አላውቀውም። የማውቀው ተስፋ ሲቆረጥ አንጀት እንደሚዘጋ ነው።

አልነግርህም። ብነግርህ ትተኛለህ፣ ባልነግርህ ትሳፈራለህ። ስለዚህ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ማርያም ሆይ፣ ውሸቴን አሳምሪልኝ።


ዴን ሃግ፣ የካቲት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለማንደፍሮ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤና ላንተ ይሁን፣ ለባለቤትህም ለኪዮኮ ይሁን፣ ለእናቷም ምሕረቱን ያውርድላቸው። እኛ በጣም ደኅና ነን።

ኪዮኮ ጽፋልኝ ነበር፤ የትነበርሽ አነበበችልኝ። ነገሩን ሁሉ አስረድታኛለች፣ እኔም አምኛታለሁ። እናቷ በእርግጥ ታመዋል። የዚህ በሽታ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ያስተኛል፣ አንድ ቀን መሰላል ያስወጣል። ያንተ ሐኪም ለሳቸውም ሐኪም የሚመርጥላቸው እርሱ ስለሆነ ልታመሰግነው ሄዳ ነው። እኔ ባለማወቅ ነገር አካብጄብሃለሁና ይቅር በለኝ። ሚስትህ ወርቅ ናት። አዘዘም ስለ ኮቤ የነገረኝ ውሸት እንደሆነ አምኗል።

ወንድሜ፣ አሁን መምጣት አያስፈልግም። እዚህ ቤት ማግኘት መከራ ነው፣ አዘዘም ጠብቦታል። እዚያው እረፍ። መርፌህን ጀምር፤ ሰው ቫይታሚን አይንቅም። ዛሬ ጠዋት አምስተርዳም ድረስ በባቡር ሄጄ በባንክ ሁለት ሺህ አራት መቶ ጊልደር በኪዮኮ ስም ልኬአለሁ። ብድር አይደለም፣ ስጦታ ነው። ደረሰኝም አልፈልግም፣ እንዴት እንደወጣ መጻፍም አያስፈልግህም። የቸገራችሁ ነገር ካለ ሳትሳቀቅ ንገረኝ።

በደንብ ብላ። ሚስትህን አክብራት። እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን።

የምትወድህ እኅትህ
አበባይሽ


ኮቤ፣ መጋቢት 11 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድዎ ለእትዬ አበባይሽ፤

የላኩት ገንዘብ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎም ደርሶኛል። ወደቡ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብሁት፤ ከዚያ እስኪመሽ ድረስ አልተነሣሁም።

እትዬ፣ እኔ አርባ ዓመት አውቅዎታለሁ። የፓስታ ካርቶን ገዝተው በጣት የሚቆጥሩ ሴት ነዎት። ቄስ ሲናዝዝዎት እንኳ «አባ፣ ለማን ይነግሩብኝ ይሆን?» ብለው የጠየቁ ነዎት። እንዴት ሆኖ ያላዩዋትን ሴት በአንድ ደብዳቤ አመኗት? እንዴት ሆኖ የልጅዎን የትምህርት ገንዘብ ያለ ደረሰኝ ላኩ? «ሚስትህ ወርቅ ናት» የሚለውን ደግሜ ደግሜ አነበብሁት። በዕድሜዎ ሙሉ ስለ ማንም ሰው እንዲህ ብለው አያውቁም። እኔን ከጠረጠሩኝ፣ ከተሳደቡ፣ ኪሴን ከፈተሹ ደኅና ነኝ ማለት ነው። በሽተኛን ግን ማንም አይጠረጥረውም፣ ይታዘንለታል እንጂ። እርስዎ አዘኑልኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ጠጉሬ፣ መርፌው፣ መሰላሉ፣ ፒያኖው።

ማንንም አልጠየቅሁም። ሐሙስ ዕለት ሄድሁና ክንዴን ሰጠሁት። ሐኪሙ «ቫይታሚን ነው» አለኝ፤ «ስለ ቫይታሚኑ አመሰግናለሁ» አልሁት። ዓይኑን መለሰ። ያ ሰው ሰባት ወር ሙሉ ከኔ ዓይን ሲሸሽ እኔ በሚስቴ አሳብቤው ነበር። ቤት ስመለስ ኪዮኮ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ክንዴ ላይ ፕላስተሩን አየችና ገብታ ሩዝ መቀቀል ጀመረች። እጇ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ይህን ሁሉ ወር የማንን ሽታ ነው ይዛ የምትገባው እያልሁ ስጠረጥር ኖሬ፣ የኔው የመድኃኒት ዋጋ ኖሯል።

እፈራለሁ፣ እትዬ። ይህን ለማንም አልልም፣ ለእርስዎ ግን እፈራለሁ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ማወቄን ለኪዮኮ እንዳይጽፉላት። ያወቅሁ እንደሆነ እያጽናናችኝ ነው የምትኖረው። ያላወቅሁ መስሏት ስትቆጣኝ፣ «ካልሲህን አንሣ» ስትለኝ መኖር እሻለሁ። ከእርስዎም የምፈልገው ይህንኑ ነው። ያን የደግነት ደብዳቤዎን ዳግመኛ አይጻፉብኝ፤ እርሱን ሳነብ ራሴን በሕይወቴ የቀበርሁ መሰለኝ። እባክዎ እንደ ድሮዎ ይጠርጥሩኝ።

ልጅዎ
ማንደፍሮ


ዴን ሃግ፣ መጋቢት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለማንደፍሮ፤

ሰላም ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህም እውነቱን አትነግረኝም።

አግዳሚ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥሁ ነው ያልኸኝ? በመጋቢት ብርድ፣ ባሕር ዳር፣ ማን ፈቀደልህ? ካፖርት ለብሰህ ነበር? ነበር ትለኝ ይሆናል፣ አላምንህም። ሐሙስ ሄድሁ ብለሃል። ከዚያ ወዲያስ ያለው ሐሙስ? ደብዳቤህ መጋቢት ዐሥራ አንድ ተጽፎ ኤንቨሎፑ ላይ ያለው የፖስታ ማኅተም ከአምስት ቀን በኋላ ነው። አምስት ቀን የት ነበር? ፖስታ ቤቱ ድረስ መሄድ ከብዶህ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው ያስገባልህ? መልስልኝ። የእጅ ጽሑፍህም ሦስተኛው ገጽ ላይ ወደ ታች ወርዷል፤ ተኝተህ ነው የጻፍኸው። እኔን አታታልለኝም።

ገንዘቡን ያለ ደረሰኝ የላክሁት ራሴን አሞኝ ነበር እንበል። አሁን ድኛለሁ። በየወሩ ምን ለምን እንደወጣ ትጽፍልኛለህ፤ ክፍሉ ስንት፣ መድኃኒቱ ስንት፣ ኤንቨሎፑ ስንት። መድኑ ከሦስት ወር በኋላ የሚመልሰውንም እጠብቃለሁ። ካልመለሰ በሚያውቀው ቋንቋ እንድትጽፍበት የትነበርሽን አዝዣታለሁ። ለኪዮኮ ምንም አልጻፍሁም። ብቻዋን እንዳትሸከመው የሚቀጥለውን ዕቁብ ከተሻለች ተለማምጬ ለሰኔ አስቀድሜዋለሁ። ለትምህርት እንዴት ልትሆኚ ነው ብዬ ልጄን ብጠይቃት «ማማ፣ ዝም በይና ላኪ» አለችኝ። ይኸውልህ፣ የዛሬ ልጅ እናቷን እንዲህ ነው የምትናገር።

እየበላሁ ነው ብለህ እንደምትጽፍልኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ፎቶግራፍ እፈልጋለሁ። ሱቅ ገብተህ የተነሣኸው ሳይሆን ደጅ፣ ፀሐይ ላይ። የዕለቱ ጋዜጣ በእጅህ ይኑር፤ የጃፓን ቁጥር የሚያነብ ሰው አምስተርዳም አላጣም። በየወሩ አንድ ትልክልኛለህ። ቆመህ ነው የምትነሣው፣ ምንም ሳትደገፍ። ተቀምጠህ የተነሣኸውን አልቀበልም።

አበባይሽ